የተጫሙት ቃል

የግራ እግሬ ከቀኙ አራት ጣት ያጥራል። ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ የልጅነት ልምሻ ያዘኝ ይላሉ፤ እኔ ሁለቱም እኩል የነበሩበትን ጊዜ አላስታውሰውም። የተወለድኩት ጉና ተራራ ሥር፣ ገብስና ድንች በሚዘራበት ብርዳም አገር ነው። ለትምህርት ደብረ ታቦር ስገባ የተገዛልኝ ጫማ ሁለቱ እግሮቹ እኩል ለሆኑለት ሰው የተሠራ ስለነበር፣ የግራውን ውስጡን በጨርቅ ጠቅጥቄ፣ አንድ ትከሻዬን ጥዬ ነበር የምሄደው።

ዐሥረኛ ክፍል ሳለሁ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር የሚቀመጡ አንድ አዛውንት ጫማ ሰፊ ጠሩኝና ግራ ጫማዬን አውልቄ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ሦስት ቁራጭ ቆርጠው፣ ደራርበው፣ ከሶሉ ሥር በማስቲሽ ለጠፉት። ዳሩን በቢላ አስተካከሉና፣

«እስቲ ቁምና ሂድ» አሉኝ።

ሄድኩ። ትከሻዬ አልወደቀም። ሃያ እርምጃ ያህል ሄጄ ዞር ብዬ ሳያቸው ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል፤ ቀና ብለውም አላዩኝም። ትምህርቴን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር በቀጥታ የሄድኩት እሳቸው ዘንድ ነው። አምስት ዓመት አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ቆዳ መምረጥን፣ በወስፌ መስፋትን፣ የሰው እግር በእጅ ዳስሶ ማወቅን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

አባቴ ይህን ሲሰማ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በእኛ አገር በቆዳ ሥራ የሚኖር ሰው «ፋቂ» እየተባለ ይናቅ ነበር፤ ልጅ የማይሰጡት፣ ከእሱም የማይጋቡ ብዙ ነበሩ። አባቴ ደግሞ ርስቱንና በሬውን የሚያውቅ፣ በደብሩ የተከበረ ገበሬ ነው። ሰው ልጅህ ምን ይሠራል ብሎ ሲጠይቀው «ከተማ ሥራ ይዟል» ይልና ወሬውን ወደ ዝናቡ ያዞረዋል። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት። እኔም አልከፋኝም ብዬ ነበር የመለስኩላት።

አስተማሪዬ ሲያርፉ የራሴን ቤት ከፈትኩ። ተራ ጫማም እሠራለሁ፤ ሰው ከሩቅ የሚመጣልኝ ግን እኩል ላልሆነ እግር በምሠራው ነው። አንዱ ያጠረ፣ አንዱ የዞረ፣ ጣት የጎደለው፣ በስኳር በሽታ የቆሰለ እግር። ባለቤቴ የላይኛውን ቆዳና ገበሩን በስፌት መኪና ትሰፋለች፤ እኔ ሶሉን እሠራለሁ። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ፎርማ አለን። ፎርማ የምንለው በእግሩ ልክ የተቀረጸውን እንጨት ነው። ግድግዳችን ላይ የተደረደረው እያንዳንዱ የእንጨት እግር የራሱ ባለቤት አለው፤ ከየትኛው ጋር የማን ፊት እንደሚሄድ ሳላይ እነግራችኋለሁ።

ድረ ገጽ ክፈቱ ያሉኝ ደንበኛዬ የነበሩ አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናቸው። ከደቡብ የመጡ ናቸው፤ በልጅነታቸው መኪና ገጭቷቸው ቀኝ እግራቸው አጥሯል። ጫማቸውን ሊወስዱ የመጡ ቀን፣

«እርስዎን የሚፈልገው ሰው እኮ እዚህ ከተማ ብቻ አይደለም» አሉኝ። «እኔ ይህን ጫማ ስፈልግ ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ። የሚሠራ ሰው ደብረ ታቦር አለ ብሎ የነገረኝ አልነበረም።»

ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ። ገጽ መሥራት እንደፈራሁት አልነበረም፤ ዝግጁ ሆነው ከተቀመጡት ገጾች አንዱን መርጬ፣ ሥዕሉን እየጎተትኩ ከቦታው አስቀመጥኩ፣ ጽሑፉን በአማርኛ ጻፍኩ። አንደኛው ገጽ ስለ እኔ፣ ሁለተኛው ስለ ጫማዎቹ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሩቅ ያለ ሰው እግሩን ወረቀት ላይ አስቀምጦ፣ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሮ፣ ልኩን እንዴት እንደሚልክልኝ የሚያሳይ ነበር። ባለቤቴ አይታ «ቆንጆ ነው» አለች። እሷ ቆንጆ ነው የምትለው ነገር ብዙ አይደለም።

ሦስት ወር ሙሉ አንድ ሰው ብቻ ደወለ። ከአዲስ አበባ፣ ስለ ልጁ ሊጠይቀኝ ነበር።

«ጫማዎቹን አየኋቸው» አለኝ። «ሥዕል ግን ሥዕል ነው። እርስዎ የሠሩትን ጫማ ያደረገ ሰው ምን ይላል?»

«ደስ ይላቸዋል። ጥሩ ነው ይላሉ።»

«እሱን እኮ እርስዎ ነዎት የሚሉት» አለ። በትሕትና ነው የተናገረው። ተሰነባበትን፤ ተመልሶ አልደወለም።

ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ። ሰውየው ልክ ነበር። እዚህ ከተማ የሚመጣልኝ ሰው ሁሉ አንድ ሌላ ሰው ነግሮት ነው የሚመጣው። ገበያ ላይ ቆሞ የጎረቤቱን እግር አይቶ፣ ጠይቆ፣ ዳስሶ ነው። አዲስ አበባ ላለው አባት ግን የሚጠይቀው ጎረቤት አልነበረውም። ስለዚህ የደንበኞቼን ቃል ገጹ ላይ ላስቀምጥለት አሰብኩ።

ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። ሐሳቤን ከሰማ በኋላ «ይሄ ኮድ መጻፍ ይፈልጋል» አለኝ። «ሰዎች የሚጽፉበት፣ አንተ የምታጸድቅበት፣ ከዚያ ገጹ ላይ የሚታይበት። ጫማ መስፋት አይደለም።»

የመጨረሻዋ ቃል ባትጨመር ኖሮ ምናልባት ሥራውን እሰጠው ነበር። «ልክ ነህ፤ ጫማ መስፋት አይደለም» አልኩትና ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ በበዓላት ቀን ቁጭ ማለት ጀመርኩ። በጊዮርጊስ፣ በሚካኤል፣ በማርያም ቀን እኛ ቤት ወስፌ አይነካም፤ ኮምፒውተሩን ግን የከለከለን ቄስ አልነበረም። ባለቤቴ «ይሄም ሥራ ነው» እያለች ትስቅብኛለች። እንግሊዝኛዬ የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ያልገባኝን ቃል በደብተር እየጻፍኩ፣ አሠራሩን የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን እያስቆምኩና እየመለስኩ አየሁ።

ነገሩ ቀስ በቀስ ተገለጠልኝ። አስቀድሞ ሰው የሚሞላው ቅጽ አዘጋጀሁ፤ ከየት እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ጫማ እንደወሰደ፣ ከአምስት ስንት ኮከብ እንደሚሰጥ፣ ሊናገር የሚፈልገውን። የተሞላው ሁሉ ወደ አንድ ሠንጠረዥ ይገባል። ከሠንጠረዡ ወስዶ ገጽ ላይ በሥርዓት የሚደረድር፣ ሌሎች ሰዎች ሠርተው ያስቀመጡት መሣሪያ ደግሞ አገኘሁ። ቀለሙን መረጥኩ፣ የፊደሉን መጠን መረጥኩ፣ ከእኔ ፈቃድ በፊት ምንም እንዳይወጣ የሚያደርገውን ቁልፍ ከፈትኩ። በመጨረሻ መሣሪያው አንድ ረጅም መስመር ጽሑፍ ሰጠኝና «ይህን ቅዳና ገጽህ ላይ ለጥፍ» አለኝ። ቀዳሁ፤ ለጠፍኩ፤ ደስ ብሎኝ ዘጋሁት።

በማግሥቱ መምህርቷ ደወሉ።

«ገጹ ላይ የምን ድግምት ነው የጻፉት?»

ሄጄ ሳየው ያ ረጅም መስመር ራሱ፣ ከነቅንፉና ከነሰረዙ፣ ከጫማዎቹ ሥር ተጽፎ ይታያል። ለካ የለጠፍኩት ተራ ጽሑፍ በሚጻፍበት ሣጥን ውስጥ ነበር። እንዲህ ላለው የተዘጋጀ ሌላ ሣጥን እንዳለ እስካውቅ ሁለት በዓላት አለፉ። አገኘሁትና እዚያ ለጠፍኩ፤ ገጹን እንደገና ከፈትኩ። ለሙከራ የጻፍኩት «ሙከራ» የሚለው ቃል ከአምስት ቢጫ ኮከቦች ጋር ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል።

ከወንበሬ ተነሥቼ ቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልኩ። አንድ መስመር ኮድ አልጻፍኩም፤ የቀዳሁትንም አሁን እንኳ ማንበብ አልችልም። ግን የራሴ እጅ ነው ያስቀመጠው። የመጀመሪያውን ጥንድ ጫማ ብቻዬን የጨረስኩ ቀን የተሰማኝ ዓይነት ነገር ተሰማኝ።

ባለቤቴ መጥታ ከአናቱ ያለውን ርዕስ አነበበች። «የደንበኞች አስተያየት» ይላል።

«ይሄ የቀበሌ ሣጥን ይመስላል» አለች። «የተጫሙት ቃል በለው።»

አልኩት።

አሁን የቀረው ቃሉ ነበር። አንድ የማውቀው ነጋዴ «ለመጀመሪያ ዐሥር ያህል ራስህ ጻፍ፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው» ብሎ መከረኝ። አልተስማማኝም። የሰው እግር ላይ ውሸት ከጻፍኩ ያ አዲስ አበባ ያለው አባት የፈራው ነገር እውነት ሆነ ማለት ነው። ገዝቶ ቢያንስ ሁለት ሳምንት የሄደበት ሰው ብቻ ይናገራል ብዬ ለራሴ ወሰንኩ፤ ገጹም ላይ ጻፍኩት።

ችግሩ ደንበኞቼ አይጽፉም። አብዛኞቹ የሚጽፉበት ስልክ የላቸውም፤ ያላቸውም ቅጽ ሲያዩ የመንግሥት ወረቀት ይመስላቸዋል። ስለዚህ ቃላቸውን ተቀብዬ፣ መልሼ አንብቤላቸው፣ «እንዲህ ነው ያልኩት» ሲሉኝ እኔው አስገባላቸው ጀመር።

የመጀመሪያዋ ከጉና ግድም የመጡ ገበሬ ሴት ናቸው። አንድ እግራቸው ሲወለዱ ጀምሮ ወደ ውስጥ የዞረ ነው። እኔ ጫማ እስክሠራላቸው ድረስ ለዓመታት የሚያደርጉት የወንድ ሰፊ ጫማ ነበር። በገበያ ቀን ሶል ሊያስጨምሩ ሲመጡ ጠየቅኋቸው።

«ምን ብዬ ነው የምናገረው?» አሉኝ።

«እንደተሰማዎት። ጫማው እንዴት ነው?»

ትንሽ አሰቡ። «ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ጫማዬን የማወልቀው ከሰው ሁሉ ኋላ ነበር። ያ ትልቅ ጫማ ከሰው ጫማ መሐል ሲቀመጥ ያስታውቅ ነበራ። ከዛፉ ጀርባ እደብቀው ነበር። አሁን ከሌላው ጋር ደጃፉ ላይ አስቀምጠዋለሁ።»

ጻፍኩ። አነበብኩላቸው።

«እንዲሁ ነው ያልኩት» አሉ። «ስሜን ግን አትጻፍ። አገሬን ጻፍ።»

«ኮከብስ? ከአምስት ስንት ይሰጡታል?»

«ኮከብ የእግዜር ነው፤ እኔ ምን ልሰጥ?» አሉኝ። ነገሩን ሳስረዳቸው «እንግዲያ ያለውን ሁሉ ስጠው» ብለው ሄዱ።

በወሩ ስድስት ሰባት ቃል ተሰበሰበ። በመካከሉ አንድ ቀን በቅጹ በኩል፣ በራሳቸው እጅ የተጻፈ መጣ። መምህርቷ ነበሩ። ሦስት ኮከብ። «ጫማው ይመቻል፤ አካሄዴን አስተካክሎልኛል። ነገር ግን በሁለት ወሩ ከፍ ያለው ሶል ከጫፉ መላቀቅ ጀምሯል» ይላል።

አንብቤ ፊቴ ጋለ። ድረ ገጹን ክፈቱ ያሉኝ እሳቸው አይደሉም? ስልክ ደውለው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? አጽድቅ የሚለውን ቁልፍ ሳልነካ አለፍኩት። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲሁ ተቀመጠ።

ነገሩን ያነሣችው ባለቤቴ ናት። ቆዳ እየቆረጠች በስልኳ ገጹን ስታይ፣

«መምህርቷ ጽፈውልኛል ብለኸኝ አልነበር?» አለች። «የታለ?»

«ጥሩ አልጻፉም።»

«ዋሹ?»

አልዋሹም ነበር።

«ሶሉን በማስቲሽ ብቻ ነው የለጠፍከው?»

«አዎ። ከፍታው ብዙ ስለሆነ ክር አላሳልፍ አለኝ።»

«እንግዲያ እሳቸው የነገሩህ እኔም የምነግርህን ነው» አለችና ወደ ቆዳዋ ተመለሰች።

በዚያው ቀን ደወልኩላቸውና ጫማውን እንዲያመጡልኝ ለመንኳቸው። ሲመጡ ቃላቸውን ደብቄው እንደነበር ነገርኳቸው። ሳልነግራቸው ማለፍ እችል ነበር፤ ግን ሴትየዋ ቁጭ ብለው እግራቸውን ከፊቴ ዘርግተዋል፤ ከዚያ እግር ፊት መዋሸት አልሆነልኝም።

«ገምቼ ነበር» አሉ። «ስልክ ያልደወልኩት ለእርስዎ ብቻ መንገር ስላልፈለግኩ ነው። እኔን የመሰለ ሰው ሲገዛ ማወቅ አለበት።»

ሶሉን ሙሉ በሙሉ አውልቄ በአዲስ ሠራሁት። በሁለት ተከፍሎ እንዲደረብ አደረግኩና እያንዳንዱን ደረጃ ለየብቻ በክር ሰፋሁት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ከዚያም ቃላቸውን አጽድቄ አወጣሁት፤ ከሥሩ ደግሞ ስሕተቱ የእኔ እንደነበረ፣ ምን እንዳደረግኩና ከእንግዲህ ከፍ ያለ ሶል ሁሉ በስፌት እንደሚሠራ ጻፍኩ። ኮከቡን ይጨምሩልኝ እንደሆነ በልቤ ተስፋ አድርጌ ነበር። አልጨመሩም። ከስድስት ወር በኋላ ሌላ አዲስ ቃል ጻፉ፦ «ሶሉ ዛሬም አለ። ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ረግጬበታለሁ።» አምስት ኮከብ።

ከዚያ በኋላ ስልኩ መደወል ጀመረ። ከደብረ ማርቆስ የደወለች አንዲት እናት «የተላቀቀውን ሶል አንብቤ ነው» አለችኝ። የልጇን እግር ልክ በወረቀት ላይ አድርጋ በአውቶቡስ ላከችልኝ። ከደሴ መጣ፤ ከአንበሳሜ መጣ፤ ስሙን ሰምቼው ከማላውቀው አገርም መጣ። ጠዋት ቤቴን ስከፍት ከመዝጊያው ሥር የሚጠብቀኝ የሰው እግር የተሣለበት ወረቀት ነበር።

አባቴ የመጣው በዚያ ዓመት፣ የገብሱ አጨዳ ካለቀ በኋላ ነው። ቤቴ ይመጣል፤ ወደ መሥሪያው ግን ገብቶ አያውቅም ነበር። የዚያን ዕለት ከመኪና ወርዶ በቀጥታ መሥሪያዬ ድረስ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ በግድግዳው ያሉትን የእንጨት እግሮች ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ተነሥቼ ወንበሬን ሰጠሁት።

«ያቺ እግሯ የዞረው ሴትዮ» አለ ገና ሳይደላደል። «የእኛ ደብር ናት። በሰንበቴ ላይ ለሰው ሁሉ ስታወራ ሰማሁ። የተናገረችው ነገር ከስልክ ውስጥ አለ አለች። እውነት ነው?»

ከፈትኩና አነበብኩለት። በትሩን አገጩ ሥር አድርጎ ሰማ።

«ድገመው» አለ።

ደገምኩለት። ከዚያ የሌሎቹንም ጠየቀኝ። የመምህርቷን፣ የደብረ ማርቆሷን፣ የሁሉንም አነበብኩለት፤ ሶሉ የተላቀቀበትንም አልዘለልኩም። ሰውየው በሕይወቱ ስለ ሥራዬ ይህን ያህል ሰምቶ አያውቅም። እኔም ከእሱ ፊት ይህን ያህል ጊዜ ቁሜ ስለ ሥራዬ ተናግሬ አላውቅም። ባለቤቴ የስፌት መኪናዋን አቁማ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትሰማ ነበር።

ስጨርስ በትሩን ከአገጩ ሥር አወጣና፣

«የሰው ሁሉ ቃል አለ፤ የእኔ የለም» አለ።

«አባዬ፣ እዚህ የሚናገረው ገዝቶ የተጫማ ሰው ብቻ ነው። አንቱ ከእኔ ጫማ ገዝተው አያውቁም።»

እውነት ነበር። ሁለት ጊዜ ሠርቼ ልኬለት ሁለቱንም ለሰው ሰጥቷል። እሱም ያንን ያውቃል። ዐይኑን ከመሬት አላነሣም። ከዚያ በሬ የሚገዛ ይመስል ኩታውን ወደ ትከሻው መለሰ፤ የፕላስቲክ ጫማውን አወለቀና እግሩን ዘረጋልኝ።

«እንግዲያ ለካኝ» አለ።

ተንበርክኬ ለካሁት። የአባቴን እግር በእጄ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነበር። ተረከዙ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል፤ የቀኝ አውራ ጣቱ ጥንት በማረሻ ተመትቶ ጎብጧል። ያን ጣት የሚያሳርፍ ጫማ አድርጎ እንደማያውቅ ወዲያው ገባኝ። ልኩን ወረቀት ላይ ስጽፍ ቁጥሮቹ ስለተንጋደዱብኝ ባለቤቴ ወረቀቱን ተቀበለችኝ።

ባለኝ የተሻለ ቆዳ ሠራሁት። በነጻ አልቀበልም ብሎ እንደማንም ደንበኛ ዋጋውን ከፍሎ ወሰደ። በወሩ ደግሞ ለገበያ ሲመጣ ጫማው ጭቃ ለብሶ፣ መታጠፊያው ላይ ተጨማድዶ፣ በደንብ የተሄደበት መሆኑን እያሳየ ገባ። ተቀምጦ ቃሉን ሰጠኝ። እንደወረደ ጻፍኩት፦

«ጫማው ደህና ነው። የጎበጠ ጣቴን አልነካውም። ዳገቱን ወጥቼበታለሁ። ማሰሪያው ግን ለሽማግሌ ያስቸግራል፤ ጎንበስ ማለት ይፈልጋል። የሠራው ልጄ ነው።»

«ልጄ ነው የሚለው ይቅር ይሆን?» አልኩት። «ሰው ያዳሉልኝ ይመስለዋል።»

«ሰው የፈለገውን ይምሰለው» አለ። «እሱን ካወጣህ ሌላውንም አውጣው።»

«ኮከብስ?»

«አራት።»

ባለቤቴ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። አጽድቅ የሚለውን ቁልፍ እሱ እያየ ተጫንኩ። ወዲያው ቃሉ ከጉናዋ ሴትዮ ቃል በላይ ተቀመጠ፤ ስልኩን ተቀብሎኝ ማንበብ እንደሚችል ሰው በትኩረት አየው።

በሳምንቱ ማሰሪያውን አውጥቼ በሁለቱ ጎን ላስቲክ አስገባሁለት፤ ሳይጎነበስ እግሩን ብቻ የሚከትበት ሆነ፤ ይህንንም ከቃሉ ሥር ጻፍኩ። ዛሬ ሽማግሌዎች ሲያዙኝ የሚመርጡት ያንኑ ዓይነት ነው፤ ገጹ ላይ አንብቦ ወይም አስነብቦ «ለአባትህ የሠራኸውን» ብሎ የሚጠይቀኝ ብዙ ሰው አለ። ማሰሪያው ከተለወጠ በኋላ አባቴን ኮከቡን እንዲጨምርልኝ ሁለት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ጫማውን አይቶ፣ እኔን አይቶ፣ «ገና ልየው» ይለኛል። እስካሁን አራት ነው።